የእንግዳ ውሃ

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባለቤቴ አያውቀውም። እናቴ ሳታውቀው ሞተች። ያደግኩት ወንጌላዊ ቤት ስለሆነ የንስሐ አባት የለኝም፤ ኦርቶዶክስ ጓደኞቼ የሆዳቸውን ለንስሐ አባታቸው ተናግረው ቀለል ብሏቸው ሲመለሱ ሳይ እቀና ነበር። እኛ ቤት «ለጌታ ንገሪው» ነው የሚባለው። ለጌታ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን ቀድሞም ያውቀው ስለነበር አላፈርኩም፤ ሳላፍር የተናገርኩት ደግሞ ከሆዴ አልወጣልኝም። እናንተ አታውቁኝም፣ ያደረግኩትንም አታውቁም። እንግዲያው እናንተ ፊት ልፈር።

ጥፋቴ አንድ ቃል ነው። «ሁሉም» ብዬ ጻፍኩ። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም፣ ከመለኪያው ላይ ያነበብኩትን አንድም ቁጥር አልቀየርኩም። አንድ ቃል ምን ያህል ይከብዳል? ብዙ ዓመት ራሴን ያባበልኩት በዚህ ጥያቄ ነው። መልሱን አሁን አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ ጥርሴን ላሳያችሁ። ቡናማ ነው። ያደግኩት ናዝሬት ዳር ነው፤ አዳማ ማለት ነበረብኝ፣ አፌ ግን ዛሬም ናዝሬት ይላል። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። የእኛ ሸለቆ ከሥሩ እሳት ነው፤ ውሃው በዚያ በጋለ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይዞ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕም የለውም። የሕፃን ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ ያበላሸዋል፤ ብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ገብቶ ወገብ ያጎብጣል። አዲስ አበባ ስማር «የናዝሬት ልጅ ነሽ አይደል?» ለማለት አንድ ፈገግታዬ ይበቃቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስስቅ እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ይሄዳል።

ሁለተኛ ዲግሪዬን አዳማ ስማር በአንድ መምህር ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ጀመርኩ። ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት አንድ ነጭ ዱቄት ሲያበስሉ ነው። ዱቄቱ ከአሉሚኒየም የሚሠራ ነው። ቅንጣቱን ዓይን ቀርቶ የተማሪ ቤት ማይክሮስኮፕ እንኳን አያየውም፤ የሙያው ሰዎች ናኖ የሚሉት ያንን ትንሽነት ነው። መምህሬ ዱቄቱን፣ ለቤት መሠረት በሚደለደለው በዚያ በቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ላይ ይለብጡትና ውሃ ያሳልፉበታል። ፍሎራይዱ እዚያ ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳየው አልገረመኝም። የልብስ ሳሙና ነው የመሰለኝ። አንድ ቀን ግን ናሙናውን ይዘን አዲስ አበባ፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያለበት ቦታ ሄድን። ባለሙያው አጉልቶ፣ አጉልቶ፣ አሁንም አጉልቶ ስክሪኑ ላይ ሲያመጣው ዱቄት የሚባል ነገር ጠፋ። የተነደፈ ጥጥ ይመስላል፤ ክር በክር ላይ፣ በክሩ መሀል ደግሞ ሌላ ክር፣ ማለቂያ የለውም። ያ ሁሉ ስፋት በአንዲት ቁንጥር ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። አለቀስኩ ብል ታምኑኛላችሁ? ጥርሴን ያበላሸውም፣ የማጣሪያውን ጠጠር የሰጠንም ያው ከመሬት በታች ያለው እሳት ነው። እግዚአብሔር በሽታውንና መድኃኒቱን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጡ ገረመኝ። ዛሬም ይገርመኛል።

ከመቂ ያመጣነውን የጉድጓድ ውሃ ስናሳልፍበት መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። መምህሬ ከታች የተጠራቀመውን በብርጭቆ ቀድተው ቆመው ግማሹን ጠጡ፤ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ።

ማጣሪያው ሁለት የተደራረቡ ባልዲዎች ነው፤ ላይኛው ጠጠሩን ይይዛል፣ ታችኛው ቧንቧ አለው። ከመቂ ወጣ ብላ ባለች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚመረትባት መንደር፣ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች አከፋፈልን። ማወቅ የፈለግነው አንድ ነገር ነበር፤ ልጆቹ ይህን ውሃ ሲጠጡ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ይቀንሳል ወይ? ሰባት ቤት የእኔ ድርሻ ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ ከቧንቧው ናሙና እቀዳለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፤ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የልጆቹ ሽንት ይመረመራል።

ባልዲዎቹን ባስረከብንበት ቀን ንግግር አደረግኩ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው። ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። የዚህ ዱቄት አንዲት ማንኪያ ብትዘረጋ ግቢያችሁን ትሸፍናለች አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ መያዜን ራሴም አላምንም አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ገበሬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንድ ሽማግሌ ባልዲውን መረቁት። ውሃው በየቀኑ ለልጆች፣ ከሁሉም በፊት ለትንሹ ልጅ መሰጠት እንዳለበትስ ተናግሬያለሁ? ተናግሬ ይሆናል፤ በወረቀቱ ላይ ነበር። ግን እንደ ዱቄቱ በእንባ አልተናገርኩትም።

ስንለያይ ኦቦ ገመዳ ቀረብ ብለው ቀለዱብኝ።

«እኔ አንቺን ያመንኩሽ በጥርስሽ ነው። ይቺ መታወቂያ ፎርጅድ የላትም» አሉኝ።

ሳቅኩ፤ እጄም እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ። የእሳቸው ቤት ከሰባቱ አንዱ ነበር። ሚስታቸው አዴ ሎሚ፣ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የመጨረሻዋ ቦንቱ ሦስት ዓመቷ ነበር። የሁለቱ ታላላቆቿ ጥርስ በቅሎ ቀልሟል። የእሷ የወተት ጥርስ ነጭ ነው፤ ቋሚው ገና ድድ ውስጥ ነበር። በዚያ ቤት ሊተርፍ የሚችለው የቦንቱ ጥርስ ብቻ ነው፤ ይህንንም ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ቤታቸው በገባሁ ቁጥር ማጣሪያው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ አቧራ ሳይነካው አገኘዋለሁ። ከላዩ አንድ ብርጭቆ ተደፍቷል። አዴ ሎሚ ብርጭቆውን እንደገና አለቅልቀው ከቧንቧው ይቀዱና ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ይሰጡኛል። ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ በእግር ነው የምመጣው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዱን እጨርሳለሁ፣ ይደግሙልኛል፣ ሁለተኛውንም እጠጣለሁ። አንድ ብርጭቆ ብቻ ለምን እንደኖረ አልጠየቅኩም። ስድስት ቤት ገብቼም ያው አንድ ብርጭቆ ሳይ አልጠየቅኩም።

ከዚያ አንድ ጠዋት አዴ ሎሚ ወንበር ሊያመጡልኝ ጓሮ ወጡ። ቦንቱ ከውጭ ሮጣ ገባች፣ ላብ በላብ ሆናለች። በር አጠገብ ካለው ጀሪካን በፕላስቲክ ኩባያ ስትቀዳ አየኋት። ያ የቦኖ ውሃ ነው፤ ከጉድጓዱ በቀጥታ የመጣ። «ነይ፣ ከዚህ ጠጪ» አልኳት ወደ ማጣሪያው እያሳየሁ። ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ኩን ቢሻን ኬሱማቲ» አለችኝ።

ይህን ያህል ኦሮምኛ አላጣም። ይሄ የእንግዳ ውሃ ነው ማለቷ ነው።

አዴ ሎሚ ወንበሩን ይዘው ሲገቡ ሰምተዋታል፤ አላፈሩም፣ እንዲያውም ደስ አላቸው። ልጃቸው ሥርዓት አውቃለች።

«ልጆች ያባክኑታል፣ ልጄ። አንቺ ከሩቅ ትመጫለሽ፤ ሽማግሌ ይመጣል፣ የጤና ሠራተኛዋ ትመጣለች። ለኛ የቦኖው ይበቃናል፣ ለምደነዋል» አሉኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አለቀለቁ።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቼ ስቄያለሁ። ልጁ ፊቴ ቆሞ አላውቅም ነበር። እኔ ነኝ እኮ ይህን ውሃ ያስከበርኩት። እኔ ነኝ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ተአምር ነው ያልኳቸው። ተአምር ደግሞ ማን በየቀኑ ይጠጣል? እነሱ ደግ ሰዎች በቤታቸው ካለው ነገር ሁሉ የተሻለውን ለማን እንደሚያስቀምጡ ጥንትም ያውቁታል። የተሻለው ነገር ውሃ ሆኖ መጣ፤ ለእኔ አስቀመጡት። ወራት ሙሉ የጠጣሁት የቦንቱን ውሃ ነበር።

አዴ ሎሚ ቀድተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። እያወቅኩ ጠጣሁት። ቦንቱ ኩባያዋን ይዛ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን አየችኝ። ከዚያ ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አንዱ መስመር «ትናንት ከማጣሪያው ውሃ የጠጡት የቤቱ አባላት እነማን ናቸው?» ይላል። አላነበብኩላቸውም። ብዕሬን አንስቼ «ሁሉም» ብዬ ጻፍኩ።

ለምን? ቤተሰቡ ከጥናቱ ይወጣል፣ ባልዲው ይወሰድባቸዋል ብዬ አዝኜላቸው ነው ልል እችላለሁ። ውሸት ነው። ያዘንኩት ለዱቄቱ ነው። ያ ያየሁት ጥጥ በእንግዳ አክባሪነት ተሰናክሎ ሲቀር ማየት አልፈለግኩም፤ መመረቂያ ጽሑፌም አብሮት እንዳይወድቅ ፈራሁ። የባሰ ደግሞ አለ። ያ ብርጭቆ ደስ ይለኝ ነበር። በጥርሷ ስትሳቀቅ ያደገች ልጅ፣ ሰው ተነስቶ በሁለት እጁ ሲሰጣት፣ ደስ ይላታል። ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ አልጠጣም፣ ለቦንቱ ስጧት። እንግዳ ውሃ ገፍቶ መመለሱ ነውር ነው ትሉኝ ይሆናል። ነው። ታዲያ ነውሩን ሠርቼ ልጅቷን ባድናት ምን ነበረበት?

ከዚያ በኋላም ሄድኩ። ከዚያ በኋላም ጠጣሁ። በየሁለት ሳምንቱ፣ በሰባቱም ቤት፣ «ሁሉም» ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹን ቤቶች የያዙት የላብራቶሪ ጓደኞቼ በእነሱ ድርሻ ምን እንደጻፉ አልጠየቅኳቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ከብዕር የወጣ ደግሞ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ በዚያም ሆኖ ሰው ያምነዋል።

በዓመቱ መጨረሻ የልጆቹ ሽንት ተመረመረ። ፍሎራይዱ አልቀነሰም። የቦንቱ ጭራሽ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። መምህሬ ወረቀቱን ይዘው ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙ።

«ልጅቷ ግን ትጠጣለች?» አሉኝ።

ይህ የመጨረሻው ዕድሌ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ ቢቆጡም ያልፍ ነበር፣ ተመልሰን መንደሩ ሄደን ለእናቶቹ አስረድተን እንደገና እንጀምር ነበር። ቦንቱም ገና አራት ዓመቷ ነበር።

«ትጠጣለች» አልኩ።

እንግዲህ የሆነውን ተመልከቱ። ውሃው ጠርቷል፤ እንደ ቅጹ ሁሉም ጠጥተውታል፤ የልጆቹ ሰውነት ግን አልተለወጠም። ከዚህ ማንም አዋቂ የሚደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ ማጣሪያው ለልጆች አይረባም። ተደመደመ። ወደ ሌሎቹ መንደሮች ሊሄዱ የነበሩት ባልዲዎች ሳይሄዱ ቀሩ። ዱቄቱን ላድን ብዬ የጻፍኩት ቃል ዱቄቱን ገደለው። እውነቱን ብጽፍ ኖሮ ይድን ነበር። እኔም አላወቅኩም ነበር ልበል? ወረቀቱን መምህሬ እጅ ላይ ሳየው አውቄያለሁ።

መምህሬ ግን አላመኑም። ጥፋቱ ከዱቄቱ ነው ብለው አንድ ዓመት ሙሉ ሲያጥቡት፣ ሲያግሉት፣ እንደገና ሲያበስሉት ከረሙ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሻይ እያቀረብኩ እረዳቸው ነበር። ሲደክማቸው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይሉኛል፤ እውነቱ አብሯቸው ሻይ እየጠጣ መሆኑን የሚነግራቸው አጡ። ጡረታ ወጥተው ቢሾፍቱ ገቡ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። ዱቄታቸው ምንም እንዳልበደለ ሳያውቁ ሞቱ። እኔ ተመረቅኩ፤ ዛሬ ሰዎች ዶክተር ይሉኛል፣ ተማሪዎቼንም መረጃ አታጭበርብሩ እያልኩ አስተምራለሁ።

ዘንድሮ ከተማሪዎቼ ጋር ከላንጋኖ ስንመለስ መኪናው መቂ ላይ ለሽንኩርት ቆመ። እግሬ ወሰደኝ። ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ ያንኑ መንገድ ሄድኩ። ኦቦ ገመዳ እርሻ ውለዋል። አዴ ሎሚ ደጅ ነበሩ፤ ለመነሳት ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ቀና ለማለትም ጊዜ ፈጀባቸው። አወቁኝ። አቅፈው ሳሙኝ፣ ይዘውኝ ገቡ። ማጣሪያው እዚያው አለ። በዚያው በርጩማ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ብርጭቆ ከላዩ ተደፍቶ። የዱቄቱ ጉልበት ካለቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁን የሚያሳልፈው ውሃ የቦኖው ውሃ ራሱ ነው። አዴ ሎሚ ይህን አያውቁም። አለቅልቀው ቀዱ፣ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ሰጡኝ።

በሕይወቴ ብዙ ነገር አስደንቆኛል። ስክሪኑ ላይ ያየሁት ጥጥ አስደንቆኛል። ከእነዚያ ሁለት እጆች የሚበልጥ ግን አላየሁም። ዐሥራ ሁለት ዓመት አልነኩትም፤ ለመጣ ሰው ሁሉ የተሻለውን አስቀምጠው ጠበቁ። ወገባቸው ጎብጦ እንኳን ጠበቁ።

ቦንቱ ከትምህርት ቤት ገባች። ረጅም ናት፣ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች፣ ኬሚስትሪ ትወዳለች አሉኝ እናቷ። አንድ ነገር ተናግሬ አሳቅኳት፤ እጇ ሳታዘው ወደ አፏ ሄደ። የራሴን እጅ አየሁ። ከጣቶቿ መሀል ግን ቀለሙ ታየኝ።

ከዚያ እጇን አወረደችና «ቲቸር፣ ያ ማጣሪያ ድሮ ይሠራ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዲሁ ነው የጠየቀችው፤ የኬሚስትሪ ልጅ ስለሆነች።

አዴ ሎሚ ባዶውን ብርጭቆ ለመቀበል አጠገቤ ቆመዋል። ይሠራ ነበር ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እናቷ ላይ እንደሚወድቅ ታየኝ። እውነቱን ያልነገርኳት ለዚህ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። አሁንም ውሸት ነው፤ እኔ ላይ እንዲወድቅ ማድረግ የምችልበት አንድ ቃል ነበረኝ። «አይ፣ ያን ያህል አልነበረም» አልኳት። መምህሬን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርኳቸው።

አዴ ሎሚ ግን ተቆጡ። ለባልዲው ተቆረቆሩለት። «እንዴት አልነበረም? ጥሩ ነበር። የጠጣው እንግዳ ሁሉ ያመሰግን ነበር» አሉ።

ይህን የምጽፈው እናንተ አንባቢዎች እያያችሁኝ ለቦንቱ ነው። ቦንቱ፣ ይሠራ ነበር። በጣም ይሠራ ነበር። ውሃሽን የጠጣሁት እኔ ነኝ። እናትሽ የሰሙትን አከበሩ እንጂ ምንም አላጠፉም፤ ውሃው ለማን እንደመጣ አጥብቆ መንገር የእኔ ሥራ ነበር፣ ካወቅኩ በኋላ ደግሞ ከእጃቸው መቀበል አልነበረብኝም። አንቺ ኩባያ ይዘሽ ቆመሽ ሳለ «ሁሉም» ብዬ ጻፍኩ። የሦስት ዓመት ልጅ ሆነሽ የነገርሽኝን እውነት ከቅጹ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጥርስሽ አይመለስም። አጥንትሽ ግን ገና ነው፤ ከእንግዲህ የምትጠጪው ውሃ ያገባኛል።

ይህችኑ ወረቀት ለዩኒቨርሲቲው እሰጣለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ እሷንና ለባልዲው ዱቄት የተለበጠ አዲስ ጠጠር ይዤ አንቺ ዘንድ እመጣለሁ። እናትሽ ብርጭቆውን ሲያለቀልቁ ቀድመሽ ጠጪ፤ አንቺ ሳትጠጪ እኔ አልነካም። ይቅርታ ግን አልጠይቅሽም። እናንተን የዚያን ቤት ሰዎች አውቃችኋለሁ፤ ብጠይቅሽ ለራስሽ ምንም ሳታስቀሪ በሁለት እጅሽ ትሰጪኛለሽ፣ እኔም እንደ ልማዴ ተቀብዬ እጠጣዋለሁ።